ጦላቅ በስልክ፣ ነፈቃ በቀጠሮ



ከጥር 2004 ጀምሮ ሕዝበ ሙስሊሙ በአንድ ድምፅ ያነሳቸውን ጥያቄዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዳችን ይሁን፣ አወሊያ ሕዝብ በሚያምነው ቦርድ ይተዳደር፣ በግድ የሚጫንብን አስተምህሮ ይቁም ብለናል። ሦስቱን ጨምቀን በአንድ ቃል እንናገር ካልን «ዙልም ይብቃ» ነው ያልነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከውጭ ስለሚመጣብን ዙልም አይደለም። ከገዛ ጓዳችን ስለሚወጣው ነው፤ ስለ ፍቺ፣ ስለ ነፈቃ፣ በፍቺ ማግስት ልጆቿን አስከትላ በየዘመዱ ቤት ስለምትንከራተተው እህታችን።

«ይህ አሁን ጊዜው ነው ወይ?» የሚል እንዳለ እናውቃለን። ከወንድሞቻችን መካከል ወኪሎቻችን ወህኒ በነበሩበት ሰዓት «የጓዳ ነገር አደባባይ አታውጡ፣ ለጠላት በር አትክፈቱ» ያሉን አሉ። መልሳችን አጭር ነው። በየጁሙዓው ስንወጣ እህቶቻችን ሕፃን አዝለው አብረውን ወጥተዋል። ዱላውም ጭሱም ሲመጣ አብረውን ቀምሰዋል። ያን ጊዜ «የሴት ቦታዋ ጓዳ ነው፣ ተመለሱ» ያላቸው አልነበረም። ሲጠቅሙን አደባባይ፣ ሐቃቸውን ሲጠይቁን ጓዳ ማለት አይቻልም።

እኛ የመድረሳ አስተማሪዎች ነን። ፍቺ መፈጸሙን ከቃዲ ወረቀት ሳይሆን ከልጁ ነው የምናውቀው። ጁዝ ዐማን ጨርሶ ወደ ተባረክ የተሻገረ ልጅ ድንገት ሳምንት ይቀራል። ሲመለስ ያለፈውን አያስታውስም። ሲቀራ ዓይኑ በር በር ያያል። ከዚያ እናትየው በዐስር ሰዓት ገደማ ትመጣና ከሴቶቹ በር አጠገብ ቆማ «ኡስታዝ፣ የዚህን ወር ይለፉኝ» ትላለች። የዚህን ወር እናልፋለን፤ የሚመጣውንም እናልፋለን። መድረሳው ራሱ በምጽዋት የቆመ ነው፣ እስከ መቼ እንደምንችል አላህ ያውቃል። አባትየውን ስናነጋግረው ግን «እሷ ናት ይዛቸው የሄደችው፤ ትመልስልኝና አሳድጋለሁ» ይለናል። ይህን የሚለን ሰው በሱብሒ ሰላት ከኢማሙ ኋላ በመጀመሪያው ሰፍ የሚቆም ነው። ለመስጂዱ ምንጣፍ ሲዋጣ ስሙ በማይክሮፎን የተጠራ ሰው ነው።

ጦላቁ በስልክ ይመጣል። ከጅዳ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ አንዳንዴ ከዚያው ከመርካቶ። አንድ ቃል ይባልና ስልኩ ይዘጋል። ሴቲቱ ለማን እንደምትናገር፣ ምስክሩ ማን እንደሆነ፣ ዒዳዋ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር አታውቅም። ነፈቃው ግን ቀጠሮ አለው። «ከረመዳን በኋላ»፣ «ሱቁ ሲሸጥ»፣ «ዕቃው ከሞያሌ ሲገባ»። ጦላቁን ለመናገር አንድ ደቂቃ የበቃው አንደበት፣ የልጅ ወተት ሲጠየቅ ስድስት ወር ያስፈልገዋል። ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ የተናገረ ሰው ፍቺው አንድ ነው ወይስ ሦስት በሚለው የዑለማ ክርክር ውስጥ እዚህ አንገባም። ለያዝነው ጉዳይ ለውጥ የለውም። አንድም ይሁን ሦስት፣ የሴቲቱና የልጆቹ ሐቅ በሰውዬው ላይ ነው።

ከ114ቱ ሱራዎች አንዱ በስሙ «አጥ-ጦላቅ» ተብሎ ተጠርቷል። 12 አንቀጽ ብቻ ያለው አጭር ሱራ ነው፤ ደረሶቻችን በቃላቸው ይቀሩታል። በውስጡ ምን አለ? ፍቺው ዒዳዋን አስልቶ በጊዜው እንዲሆን፣ ዒዳውም እንዲቆጠር ታዟል። በዒዳዋ ውስጥ ከቤት እንዳትባረር ታዟል፤ ልብ በሉ፣ ቤቱ በዚያ ቦታ የተጠቀሰው የእነሱ፣ የሴቶቹ ቤት ተብሎ ነው። ሁለት ትክክለኛ ምስክሮች እንዲቆሙ ተነግሯል። ባል በአቅሙ በሚኖርበት ቦታ እንዲያኖራት፣ እንዳያጨናንቃት፣ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ እንዲቀልባት፣ ልጁን ካጠባችለትም ዋጋዋን እንዲከፍላት ታዟል። ያለው ከሀብቱ፣ የጠበበበትም አላህ ከሰጠው ያወጣል እንጂ የጠበበበት ሰው ጭራሽ ይተው አልተባለም። ወደ ሱረቱል በቀራ ስንሄድ ደግሞ ለተፈታች ሴት የሚሰጥ የስንብት ስጦታ፣ ሙትዓ የሚባለው አለ። በሱረቱ አን-ኒሳእ ደግሞ ባል ለሚስቱ የወርቅ ክምር ሰጥቷት ቢሆን እንኳ አንዳች መልሶ እንዳይወስድ ተከልክሏል። ስለ ፍቺ ይህን ያህል በዝርዝር የተነገረው ሰው ሲጣላ ሐቅ እንደሚረሳ ፈጣሪው ስለሚያውቅ ነው።

ከእነዚህ ትእዛዞች ውስጥ በየቤታችን የሚፈጸመው የትኛው ነው? ከዒዳ በፊት ሻንጣዋ ከበር ይወጣል። ምስክር የለም። የማጥባት ዋጋ የሚባል ነገር እንዳለ የሚያውቅ አባት ብዙ አላጋጠመንም። ሙትዓ የሚለውን ቃል ደግሞ በኹጥባ ላይ ከሰማን ስንት ዓመት ሆነን?

የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ) ባሏ እጁን እንደሚቋጥርባት፣ ለእሷና ለልጇ የሚበቃ እንደማይሰጣት ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቤት ብላለች። ባሏ ተራ ሰው አልነበረም፤ የመካ አለቃ የነበረ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «የባልሽን ገመና አታውጪ» አላሏትም። እሱ ሳያውቅ ከገንዘቡ ለእሷና ለልጇ በአግባቡ የሚበቃውን ያህል እንድትወስድ ፈቀዱላት። ቡኻሪም ሙስሊምም የዘገቡት ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ደግሞ ከሚስቶቻቸው ርቀው ስለቆዩ ወታደሮች ለጦር አዛዦች ጽፈው፣ ወይ ነፈቃ እንዲልኩ ወይ እንዲፈቱ፣ ከፈቱም ያስቀሩትን ያለፈ ነፈቃ እንዲልኩ ማዘዛቸው ተዘግቧል። በጂሃድ ላይ ያለ ወታደር ይቅርታ ካልተደረገለት፣ ጅዳ ሄዶ ሌላ ያገባው ሰው ምን ምክንያት አለው?

እዚህ ላይ በደንብ መናገር የሚገባን ነገር አለ። ሰዎቻችን በመዝሃብ ይነግዳሉ። በሻፊዒይ መዝሃብ ባል ያልከፈለው ያለፈ ነፈቃ እንደማንኛውም ዕዳ በጫንቃው ላይ ይቆያል። በሐነፊይ መዝሃብ ግን ቃዲ ካልወሰነው ወይም ሁለቱ በመጠኑ ካልተስማሙበት ያለፈው ያልፋል። በማያስመልስ ፍቺ የተፈታች ሴት በሐነፊይ በዒዳዋ ጊዜ መኖሪያም ነፈቃም አላት፤ በሻፊዒይ እርጉዝ ካልሆነች ያላት መኖሪያ ብቻ ነው። አብሯት ከኖረ በኋላ ለተፈታች ሴት ሙትዓ በሻፊዒይ ግዴታ ሲሆን በማሊኪይ የሚወደድ ነገር ነው። ዑለማዎቹ የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው፤ ልዩነታቸውን እናከብራለን። የእኛ ሰው ግን ምን ያደርጋል? ያለፈውን ቀለብ ሲጠየቅ ሐነፊይ ይሆናል። የዒዳውን ሲጠየቅ ሻፊዒይ ይሆናል። ሙትዓ ሲባል ማሊኪይ ሆኖ ከች ይላል። እድሜ ልኩን ከአያቱ የወረሰው አንድ መዝሃብ ነበር፤ በፍቺው ሳምንት ሦስት አወጣ። የሚገርመው ደግሞ ለእሷ የሚጠቅመውን መዝሃብ አንድም ቀን ተሳስቶ አለመምረጡ ነው። ይህን ፈትዋ የሚፈልጉለትና የሚያቀብሉት ሰዎች ከእኛው መካከል መሆናቸውን ማለፍ አንችልም።

ኹልዕም እንዲሁ ሆኗል። ኹልዕ ሴት ልጅ ከባሏ ጋር መኖር ሲከብዳት፣ የወሰደችውን መህር መልሳ የምትወጣበት በር ነው። የሳቢት ኢብኑ ቀይስ (ረ.ዐ) ሚስት በጸባዩም በዲኑም ነውር ሳታገኝበት አልሆነላትም፤ የሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሳ ተለያየች። በእኛ ዘመን ግን በሩ ተገልብጧል። መፍታት የፈለገው እሱ ነው፤ መህርና ዒዳ መክፈል ግን አይፈልግም። ስለዚህ አይፈታትም፤ ያስመርራታል። ወር ሙሉ ከቤት ይጠፋል፣ ቀለብ ይቆርጣል፣ እናቱን ያስነሳባታል። እሷ «በአላህ ይሁንብህ፣ ምንም አልፈልግም፣ ልቀቀኝ» እስክትል ይጠብቅና «ኹልዕ ጠይቃለች» ብሎ ያስጽፋል። ሴት ልጅን የሰጧትን ለማስመለስ ብሎ ማስጨነቅ በቁርኣን የተከለከለ ነው። የማሊኪይ ፉቀሃእ ባል በድሏት ኹልዕ መጠየቋ ከተረጋገጠ ፍቺው ጸንቶ ገንዘቧ ይመለስላታል ብለዋል። ስለዚህ ኹልዕ የሚጽፍ ሁሉ እስክሪብቶውን ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለበት፤ እሷን ለብቻዋ አስቀምጦ «ምን አድርጎሽ ነው?» ማለት።

አሁን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንምጣ። ይህ ፍርድ ቤት በነጻ የተገኘ አይደለም። በንጉሡ ዘመን በ1936 የናኢባና የቃዲዎች ምክር ቤቶች በአዋጅ ሲቋቋሙ ሙስሊሙ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን በአዲስ አበባ እኩልነት ሲጠይቁ የወጡትን ታሪክ እናውቃለን። በኅዳር 1987 ሕገ መንግሥቱ ሊጸድቅ ሲል ሙስሊሙ እንደገና ወጥቶ ስለ ሸሪዓ ጠይቋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ በር ከፈተ። ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ተዋቀሩ። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የሕፃናት ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ውርስ በሥልጣናቸው ሥር ገባ። እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን የተለፋበት ቤት የተገነባው ባሎች ከሐቅ የሚያመልጡበት የኋላ በር እንዲሆን ነው?

በአዋጁ የፍርድ ቤቱ ሥልጣን የቆመው በፈቃድ ላይ ነው። ሁለቱም ወገኖች በግልጽ መስማማት አለባቸው። ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጥሩ ነው፤ በዲን ማስገደድ የለም። ነገር ግን መጥሪያ ደርሶት ያለ በቂ ምክንያት ያልቀረበ ሰውም እንደተስማማ ይቆጠራል። ይህን ስንት እህቶቻችን ያውቃሉ? መጥሪያውን ማንበብ የማትችል፣ ያነበበላትም የባሏ ወንድም የሆነ፣ «አትሂጂ፣ እኛ በሽማግሌ እንጨርሰዋለን» የተባለች ሴት ቤቷ ተቀምጣ ተስማምታለች ማለት ነው። የቀረበችውስ? ፎርሙ ይሰጣታል፣ «እዚህ ላይ ፈርሚ» ትባላለች፤ ትፈርማለች ወይም ጣቷን ታሳርፋለች። የፈረመችው ምን እንደሚያስገኝላትና ምን እንደሚያስቀርባት የሚነግራት የለም። ኒካሕ ላይ የልጅቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ ኒካሕ አይሠራም ብለን የምናስተምር ሰዎች፣ ፍርድ ቤት ላይ ፈቃዷ በጣት አሻራ ብቻ ሲወሰድ ዝም ልንል አይገባንም።

ምክንያቱም ልዩነቱ ትልቅ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፤ በፍቺም እኩል ይካፈላል። በሸሪዓ ግን የባል ሀብት የባል፣ የሚስትም ሀብት የሚስት ነው። ስለዚህ የቤቱ ካርታ በስሙ፣ የመኪናው ሊብሬ በስሙ፣ የሱቁ ንግድ ፈቃድ በስሙ የሆነ ሰው ሚስቱን ሊፈታ ሲነሳ ድንገት ዲኑ ይጠነክራል። በሕይወቱ የዘካ ሒሳብ ሠርቶ የማያውቅ ነጋዴ በፍቺው ቀን ሙፍቲ ይሆናል። ወለድ ሲበላ ያላስታወሰው ሸሪዓ ሚስቱ ድርሻ ስትጠይቅ ትዝ ይለዋል። «እኔ በአላህ ሕግ እንጂ በሰው ሕግ አልዳኝም» ይላል፤ ሰውም ማሻአላህ ይለዋል። እኛ ግን እንጠይቀው። በአላህ ሕግ ከሆነ የቀረው መህር የት አለ? የዒዳዋ መኖሪያ የት አለ? ሙትዓዋስ? ላለፉት ስድስት ወራት ያልሰጣት ቀለብስ? ካርታውን ለመያዝ የጠራውን ሸሪዓ ቦርሳው ጋ ሲደርስ ካሰናበተው፣ ሸሪዓን የፈለገው አልነበረም።

በሌላ በኩል የሸሪዓ ፍርድ ቤት ይዘጋ፣ የሴት በደል ምንጩ እሱ ነው የሚሉም አሉ። ለእነሱም መልስ አለን። የቤተሰብ ሕጉ እኩል ማካፈሉ እውነት ነው፤ የሴቲቱን ልፋት መቁጠሩንም አንክድም። ግን ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ለሴቲቱ ለራሷ ወርሃዊ ቀለብ የሚያስቀጥል አንቀጽ የለውም፤ ቀለቡ የልጆቹ ነው። የሚካፈል ሀብት ከሌለስ? በኪራይ ቤት የኖሩ፣ ከአንድ አልጋና ከሁለት ፍራሽ ሌላ ያላፈሩ ባልና ሚስት እኩል ሲካፈሉ አንድ አንድ ፍራሽ ይደርሳቸዋል። መህርና የዒዳ ነፈቃ ግን ሀብት ቢኖርም ባይኖርም ዕዳ ነው። ችግሩ ሸሪዓው አይደለም፤ ሸሪዓው ከግማሹ ላይ መቆረጡ ነው።

ደግሞስ የሚስት ሀብት የሚስት ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? ብዙዎቹ ፉቀሃእ የቤት ሥራ በሚስት ላይ በሸሪዓ የተጣለ ግዴታ አይደለም ብለዋል፤ ሻፊዒዮቹም እንዲሁ። እኛ አገር ግን ሚስት ምግብ አብስላ፣ ልጅ አሳድጋ፣ ከዚያ በላይ ሱቁ ውስጥ ቆማ ትሸጣለች። በርበሬ ቀንጥሳ፣ ጤፍ አበጥራ፣ በችርቻሮ ሸጣ የባሏን መደብር ያቆመችውን ሴት ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህ በፊቅህ ስም አለው። ወይ ሽርክና ነው፣ ወይ የሥራ ዋጋ ነው። በሞሮኮ የሱስ አካባቢ የማሊኪይ ዑለማዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሚስት ከባሏ ጋር ደክማ ባፈራችው ሀብት ላይ እንደ ልፋቷ መጠን ድርሻ እንዳላት ፈትዋ ሰጥተዋል፤ «ሐቁስ-ሲዓያ» ይሉታል። በ1996 በወጣው የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ተጋቢዎች በጋብቻ ዘመን ስለሚያፈሩት ሀብት ከኒካሑ ውል ተለይቶ በሚጻፍ ሰነድ መስማማት እንዲችሉ ተደርጓል። ይህ ከፈረንጅ የመጣ አይደለም። የእኛ ቃዲዎች ይህንኑ እንዳይጠይቁ፣ እንዳይመረምሩ የሚከለክላቸው ምን አለ?

የዐረብ አገር እህቶቻችን ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። በ2006 ሳዑዲ ዐረቢያ ወገኖቻችንን ስታባርር ከ150,000 በላይ ሰው ተመልሷል። ከተመለሱት ሴቶች መካከል ለዓመታት የሰው ቤት ወለል ወልውለው ለባሎቻቸው ገንዘብ ሲልኩ የኖሩ አሉ። ሲመለሱ ቤቱ ተሠርቷል፤ ካርታው በባልየው ስም ነው፤ ውስጡ ሌላ ሚስት ተቀምጣለች። ጦላቁ ከአውሮፕላን ከመውረዷ በፊት ደርሷል። ቃዲው ፊት ስትቀርብ «ማስረጃ አለሽ?» ትባላለች። ገንዘቡ የተላከው በሐዋላ ነው፤ በሰው እጅ፣ በስልክ ቃል። ደረሰኝ የለም። ወንዶችም ሴቶችም የሠሩት ለራሳቸው እንደሆነ ቁርኣን የተናገረውን ስንቀራ የዚህችን እህት ደመወዝ ማሰብ አለብን። ሲመቸው «የሚስት ገንዘብ የሚስት ነው» የሚል ባል በእሷ ላብ የቆመ ቤት ውስጥ ተኝቶ ከሱብሒ በፊት ተሃጁድ ቢሰግድ ምን ይጠቅመዋል?

እዚህ ጋ ጥያቄያችን ከመጅሊሱ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። በአዋጁ መሠረት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ቃዲዎችን የሚሾመው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው፤ ዕጩዎቹን የሚያቀርበው ግን መጅሊሱ ነው። ሕዝብ ያልመረጠው መጅሊስ ያቀረበው ቃዲ ለማን ይፈራ ነበር? ለተፈታችው ሴት ነው ወይስ ላቀረበው ሰው? «መጅሊሳችን ይመለስ» ስንል የነበረው ለሐጅ ኮታና ለቢሮ ወንበር ብቻ አልነበረም። የሙስሊም ሴት ፍቺ የሚዳኝበት ወንበር ላይ ዒልምና ተቅዋ ያለው ሰው እንዲቀመጥ ነው። ይህን ለእህቶቻችን በግልጽ ነግረናቸው አናውቅም፤ ሊነገራቸው ግን ይገባል።

እስከዚያ ድረስ መጅሊስ የማያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ኒካሕ የሚያስሩ ኢማሞችና ሸኾች ከዛሬ ጀምሮ መህሩን በቁጥር ይጻፉት፤ ምን ያህሉ እንደተሰጠ፣ ምን ያህሉ እንደቀረ። በብር ከሚጻፍ በወርቅ ግራም ቢጻፍ ይሻላል። ከ15 ዓመት በፊት በኒካሕ ወረቀት ላይ የሰፈረ 1,000 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በሴቲቱ እጅ ይቆይ፤ በወንድሟ ኪስ አይደለም፣ በእሷ እጅ። ፍቺ ይጻፍልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ቀኑንና ሁለቱን ምስክሮች ሳያስጽፍ፣ በዚያው መቀመጫ የዒዳውን ነፈቃና የልጆቹን ቀለብ መጠን ሳያስወስን ወረቀት አይሰጠው። የመስጂድ ኮሚቴዎችም የልጆቹን ቀለብ ለከለከለ ሰው በዒድ ቀን የፊት ወንበር አይስጡት። የምንጣፍ መዋጮውንም ከመቀበላቸው በፊት ልጆቹ መብላታቸውን ይጠይቁ።

«ይህ የኤንጂኦ ቋንቋ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። ሂንድ ቢንት ዑትባ ኤንጂኦ አልነበራትም። «ሴቶችን በባሎቻቸው ላይ ታነሳሳላችሁ» የሚሉንም ይኖራሉ። እኛ ያነሳነው ከባሎቻቸው የሚጠበቅባቸውን ብቻ ነው፤ ሰርገኛው በኒካሑ ቀን «ቀበልኩ» ያለውን። ሰላማዊ ትግላችንን ሲከታተሉ የነበሩ ባለሥልጣናትም ይህን አንብበው «እናንተ ራሳችሁ ሴቶቻችሁን ትበድላላችሁ» ሊሉን ይችላሉ። ይበሉ። የቤታችንን ዙልም ስለደበቅን የእነሱ ዙልም አልቀነሰም።

ለእህቶቻችን አንድ የተግባር ቃል አለን። በኒካሕሽ ጊዜ የነበሩት ምስክሮች በሕይወት ካሉ፣ መህርሽ በወረቀት ካልሰፈረ፣ አሁን ሳትጣሉ አስጽፊው። ዐረብ አገር ያለሽ ገንዘብሽን በራስሽ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ላኪ፤ ለባልሽ የምትሰጪውን ከዚያ ስጪው፤ ደረሰኙን አትጣይው። ቤት ሲሠራ ሁለት ሰው አስመስክሪ። ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርስሽ አትቅሪ፤ ሂጂ፤ ማንበብ ካልቻልሽ የባልሽ ዘመድ ያልሆነ ሰው ያንብብልሽ። ፈቃድ የሚጠይቀው ፎርም ሲቀርብልሽ «ምን ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ እስኪገባሽ አትፈርሚ። ልጆችሽን ከመድረሳ አታስቀሪ፤ የክፍያውን ነገር እኛ ከኮሚቴው ጋር እንነጋገራለን።